ሽቦውን የወጠረው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የልጆች መጫወቻ የምትመስል አውሮፕላን ሁለት አሜሪካውያን አምራቾችን ፍርድ ቤት አቆመች። ከሳሹ ጂም ዎከር ነበር፤ ተከሳሹ ሌሮይ ኮክስ።

የጠቡ መነሻ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ እጀታ ይይዛል። ከእጀታው የተነሱት ሽቦዎች በክንፉ በኩል ገብተው አውሮፕላኗ ውስጥ ካለች ትንሽ ማንሻ ጋር ይገናኛሉ። እጁን ሲያዘነብል አንዱ ሽቦ ይሳባል፣ ሌላው ይለቀቃል፤ በጅራቷ ላይ ያለው ኤሌቬተርም ይንቀሳቀሳል። አውሮፕላኗ ሰውየውን እየዞረች ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

የኦሪገኑ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1940 «ፋየርቦል» የተባለችውን ሞዴል ለገበያ አቀረበ፤ በአሠራሩም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ኮክስ ግን ምስክር ነበረው። ኦባ ሴንት ክሌር የተባለ ሌላ የኦሪገን ሰው ይህንኑ አሠራር ቀድሞ በ1930ዎቹ ሠርቶ አብርሮበታል። ፍርዱ ለኮክስ ሆነ፤ ዎከርም ተረታ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ሊቆም ግን አይገባም። ሽቦ የሚያዘው እስከተወጠረ ድረስ ነው። አውሮፕላኗ ከአብራሪው አናት በላይ ስትደርስ የራሷ ክብደት ወደ እሱ ይጎትታታል፤ ነፋስም ይገፋታል። ሽቦው ከላላ እጀታው ባዶ እጅ ነው፤ ቀጥሎ የሚሰማው የእንጨት ስብራት ነው።

መላው ጅራቷ ላይ ተገኘ። አውሮፕላኗ እንደተለመደው ግራ ክንፏን ወደ አብራሪው አድርጋ ስትዞር፣ ራደሯን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማዝመም አፍንጫዋን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ሽቦውም ይወጠራል። ሲበዛ ደግሞ ጎኗን ለነፋስ ሰጥታ ትበራለች፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ በድንገተኛ መታጠፊያ ላይ ትወላገዳለች። ስለዚህ አብራሪዎች ራደሩን እየቀነሱ፣ ሽቦው ከክንፉ የሚወጣበትን ቦታ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት እያዛወሩ፣ በውጭኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት እየጨመሩ ልኩን ፈለጉ።

ፕሮፔለሩም የራሱ ጠባይ አለው። አፍንጫዋ በድንገት ወደ ታች ሲደፋ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር አውሮፕላኗን ወደ አብራሪው ያዞራታል። ለዚህም ከኤሌቬተሩ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ራደር መጣ።

ዘዴው አንድ ነው፦ አብርር፣ አስተውል፣ አንድ ነገር ብቻ ጥቂት ለውጥ፣ እንደገና አብርር። ይህን ያካበቱት በየሜዳው አውሮፕላን እየሰበሩ የተማሩ፣ ያወቁትንም ለጎረቤት ያካፈሉ ሰዎች ናቸው። ፍርድ ቤት «ማን ጀመረው?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። «ማን አስተካከለው?» ብሎ የሚጠይቅ ችሎት ግን የለም። ጀማሪን ብቻ የሚያከብር ማኅበረሰብ ብዙ ይጀምራል፤ የጀመረው ግን አየር ላይ አይቆይለትም።