የፀጉርና የውበት ሥራ ሥልጠና

የፀጉርና የውበት ሥራ ሥልጠና ፀጉር መሥራትን እንዲሁም የቆዳና የጥፍር እንክብካቤን የሚያስተምር የሙያ ሥልጠና ነው። በኢትዮጵያ የሚካሄደው በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ሥር ነው።

'''ሁለቱ ወረቀቶች'''

ማሠልጠኛው የሚሰጠው ሰርተፍኬት ሠልጣኙ ኮርሱን መጨረሱን ብቻ ያሳያል። የብቃት ማረጋገጫ (በተለምዶ ሲኦሲ) የሚገኘው ግን ከማሠልጠኛው ውጭ ባለ አካል በጽሑፍና በተግባር ተመዝኖ ብቁ በመባል ነው። የማሠልጠን ፈቃድ የሚሰጠው በሙያ ዓይነትና በደረጃ ተለይቶ ነው፤ በኮምፒውተር ሙያ ፈቃድ ያለው ተቋም በዚያው ፈቃድ ፀጉር ሥራ ማሠልጠን አይችልም። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸም በፊት ፈቃዱን ማየት ይገባል።

'''ተግባርና ደኅንነት'''

በአንድ ካስክ ስንት ሠልጣኝ እንደሚለማመድና ተቋሙ ሠልጣኞቹን ለትብብር ሥልጠና ወደ ሳሎን መላኩን መጠየቅ ይጠቅማል። አንዳንድ የፀጉር ማለስለሻዎች ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስላላቸው የራስ ቆዳን ያቃጥላሉ። የፀጉር ቀለም አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል ቀድሞ በትንሽ የቆዳ ክፍል ላይ ይሞከራል። ያልጸዳ ማበጠሪያ ቆረቆርን፣ በጋራ የሚሠራበት ምላጭ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። እነዚህን የማያስተምር ተቋም ደንበኛንም ሠልጣኝንም ለጉዳት ይዳርጋል።

'''በጋሞ ዞን'''

የዞኑ ዋና ከተማ አርባ ምንጭ ነው። ከጨንቻ ወይም ከገረሴ ወርዶ በከተማዋ የሚሠለጥን ሰው ከትምህርት ክፍያው ሌላ የቤት ኪራይ፣ የልምምድ ዕቃና የምዘና ወጪ ማስላት ይኖርበታል። የቀድሞ ሠልጣኞችን ምዘናውን አልፈው እንደሆነ መጠየቅም ከማስታወቂያ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።