ዘላቂ የግብርና ዘዴዎች፦ ከእርከን ሥራ ባሻገር

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ከሚታረሰው መሬት በየዓመቱ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር በጎርፍ እንደሚታጠብ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም መረጃ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች ያመለክታሉ። በአንጻሩ በተፈጥሮ የሚተካው አፈር እንደየአካባቢው ሁኔታ በዓመት ከ2 እስከ 22 ቶን እንደሚደርስ ይገመታል። ዘላቂ የግብርና ዘዴዎች የሚባሉት አሠራሮች ዓላማቸው ምርት ሳይቀንስ ይህን ክፍተት ማጥበብ ነው።

መታጠቡ ዳገታማነት ብቻ የሚያመጣው አይደለም። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል፤ አፈሩ ልሞ ያለ አንዳች ሽፋን የሚቆየውም ከባዱ ዝናብ በሚወርድበት ወቅት ነው። የአገሬው ማረሻ መሬቱን የሚገለብጥ ሳይሆን የሚሰነጥቅ በመሆኑ ገበሬው የመጀመሪያውን እርሻ አቋርጦ ማረስ ግድ ይለዋል። በተዳፋት መሬት ላይ ከሁለቱ አንዱ ትልም ወደ ቁልቁለቱ ማዘንበሉ ስለማይቀር፣ ትልሙ ራሱ የጎርፍ መንገድ ይሆናል።

መንግሥት ለዚህ ችግር የሰጠው ዋነኛ ምላሽ እርከን ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በኋላ፣ በተለይም በደርግ ዘመን፣ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በሰፊው የድንጋይና የአፈር እርከን ተሠርቷል። ይሁንና በ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ ሲደረግ ከእነዚህ እርከኖች ብዙዎቹን ያፈረሱት ባለይዞታዎቹ ራሳቸው ነበሩ። እርከኑ ከጠባብ ማሳቸው ላይ ቦታ ይወስዳል፤ ለአይጥ መጠለያ ይሆናል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ ከሁሉም በላይ ሲቀየስ ገበሬዎቹ አልተጠየቁም። ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የኅብረተሰብ አቀፍ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ዕቅዱ ከነዋሪው እንዲነሳ ማድረጉ ከዚህ ልምድ የተወሰደ ትምህርት ነው።

በየዓመቱ በበጋ ወራት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሪፖርት የሚደረገው በአብዛኛው በእርከን ኪሎ ሜትር፣ በሄክታርና በተሳተፈው ሕዝብ ቁጥር ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተሠራውን ሥራ ይለካሉ እንጂ አፈሩ የደረሰበትን ደረጃ አይናገሩም። እርከን የውኃውን ፍጥነት ገትቶ ደለል ይይዛል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በደለል ይሞላል። ሣርና ቁጥቋጦ ካልተተከለበት፣ ከብትም ከተለቀቀበት ይናዳል። ከላይ የተናደ እርከን ያጠራቀመውን ውኃ በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ቦረቦር ሊፈጥር ይችላል፤ ይህም እርከኑ ከመሠራቱ በፊት ከነበረው ጉዳት ሊብስ ይችላል።

እርከን በራሱ ሳይሆን ከሌሎች አሠራሮች ጋር ተሳስሮ እንደሚዘልቅ ኮንሶ ጥሩ ማሳያ ነው። የኮንሶ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ 55 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የድንጋይ እርከንና የተመሸጉ መንደሮች 21 ትውልድ ያስቆጠረ፣ ከ400 ዓመት የማያንስ ባህል መሆኑ ተጠቅሷል። ዝናቡ አነስተኛና የማይታመን በሆነበት በዚያ አካባቢ እርከኑ አፈር ከመያዝ አልፎ ውኃ የሚያሰርግ ነው። ከብቶች በማሳ ላይ ሳይለቀቁ በግቢ ታስረው ይቀለባሉ፤ ፍግ ወደ ማሳው ይወሰዳል። ማሽላ ከሌሎች ሰብሎች ጋር ተሰባጥሮ ይዘራል፤ በየማሳውና በየግቢው የሚተከለው ሽፈራው በድርቅ ጊዜም ቅጠሉ ይበላል። የፈረሰውን መጠገን የዘመቻ ወቅትን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።

በሰሜንና በመካከለኛው ከፍተኛ ቦታዎች የሚታየው ከዚህ ይለያል። የማገዶ እንጨት በመመናመኑ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ የሰብሉ ተረፈ ምርት ለከብት መኖ ይታጨዳል፤ የቀረውም ቃርሚያ በልቅ ግጦሽ ያልቃል። ወደ አፈሩ የሚመለስ ነገር ባለመኖሩ አፈሩ ብስባሹን ያጣል፤ ውኃ የመያዝ አቅሙም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና በጓሮ የሚተከል ዛፍ የኃይል ዘርፍ ጉዳይ ብቻ ተደርገው ሊታዩ አይገባም፤ የአፈር ለምነት ሥራ አካል ናቸው። በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎች ዝናብ የሚበዛባቸው አካባቢዎች ደግሞ የአፈር አሲዳማነት ተጨማሪ ችግር ነው። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ተገልጿል። አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛውን ማዳበሪያ ሰብሉ አያገኘውም። ኖራ መጨመር መፍትሔ ቢሆንም ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ስለሚያስፈልግ ዋናው ፈተና ማጓጓዙ ነው።

ብዝሀ ሕይወትን በተመለከተ ኢትዮጵያ ያላት ድርሻ ከአገር ያልፋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገሪቱን ጎብኝቶ ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጓታል። የገብስን ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ሲሆን በሌሎች አገሮች ዝርያዎችን ለማሻሻል አገልግሏል። ይህ ሀብት የኖረው ገበሬው በአንድ ማሳ ልዩ ልዩ ዝርያዎችን ቀላቅሎ በመዝራቱ ነው። የተሻሻለ ዘር ምርት እንደሚጨምር አያጠራጥርም፤ ነባሩ ዝርያ ከወረዳው ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ መጠበቅ ግን አብሮ መታቀድ ይኖርበታል።

በአንድ ዝርያ ላይ የመመሥረት አደጋ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ በግልጽ ታይቷል። ገበሬዎች በተጎዳው አሲዳማ መሬት ላይ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ከጤፍ ጋር ዘርተው፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል እያከሰሉ ገቢያቸውን አሳድገዋል፤ የመሬቱም ለምነት እየተመለሰ መጥቶ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዋግ መሰል በሽታ ተነስቶ ተክሉን ክፉኛ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የተለየ መንገድ ያሳያል፤ በዚያ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ከላይ፣ እንሰትና ቡና ከሥር ሆነው ሕዝብ የበዛበትን ቀጥ ያለ ዳገት ሸፍነውታል።

ለአየር ንብረት ያለው ጥቅም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ አፈር ከከባቢ አየር የበለጠ ካርቦን ይዟልና ብስባሽ መመለስ ካርቦን መመለስ ነው። በወላይታ ሁምቦ 2 ሺህ 728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ሆኖ ከነባሩ ጉቶ ደኑ እንዲያገግም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት የተመዘገበው ይህ ፕሮጀክት በ30 ዓመታት 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ታቅዶለታል፤ ከካርቦን ሽያጭ የሚገኘው ገቢም ለአካባቢው ማኅበራት እንዲደርስ ተደርጓል። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት ያገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በተመሳሳይ ጥበቃ የጉድጓድ ውኃው ወደ ላይ ቀርቦለት መስኖ ለማልማት በቅቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ግን ኤሌክትሪክና ነዳጅ በመቋረጡ በክልሉ የማገዶና የከሰል ፍላጎት በደኖች ላይ ብርቱ ጫና አሳድሯል።

ከንክኪ ነጻ የሆነ ቦታ የሚጸናው ነዋሪው ሲጠቀምበት ነው። ሣሩን ማን እንደሚያጭደው፣ ንቡን ማን እንደሚያንብበት፣ ከብት ያስገባ ምን እንደሚቀጣ የሚወስነው የቀበሌው መተዳደሪያ ደንብ ነው። በብዙ ቦታ ይህ ደንብ የሚጻፈው ተራራው ከተዘጋ በኋላ ሲሆን፣ ቀድሞ በዚያ ከብቱን ያሰማራ የነበረው መሬት አልባ ወጣት ድርሻው ሳይለይለት ይቀራል።