ታዳሽ እና ንጹሕ

«ታዳሽ ኃይል» እና «ንጹሕ ኃይል» አንድ ተደርገው ሲጻፉ አያለሁ፤ አንድ አይደሉም። ታዳሽ የምንለው ብንጠቀምበትም የማያልቀውን ነው፤ ፀሐይን፣ ነፋስን፣ ወንዝን። በአቡዳቢና በአል ዓይን መካከል፣ ስዊሃን በረሃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው የፀሐይ ኃይል ጣቢያ፣ ኑር አቡዳቢ፣ ታዳሽ ነው፦ 3.2 ሚሊዮን ገደማ የፀሐይ ፓነሎች አሉት፤ አቧራቸውን ሮቦቶች ያለ ውሃ በብሩሽ ይጠርጋሉ። በዚያው በአቡዳቢ ኢሚሬት ያለው የባራካ ኑክሌር ጣቢያ ግን በዩራኒየም ይሠራል፤ ዩራኒየም ደግሞ አይታደስም። ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ካርቦን ስለማያወጣ ንጹሕ ይባላል።

ልዩነቱ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ለ2024 በንጹሕ ኃይል ላይ የሚፈሰውን መዋዕለ ንዋይ 2 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ሲል ኑክሌሩን፣ የማስተላለፊያ መስመሩን፣ ባትሪውንም አብሮ ቆጥሯል። ዜና የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ገንዘቡን ሁሉ ለፀሐይና ለነፋስ አትስጡት።