የካሎሪ ድርሻ፦ ግራሙ ሌላ፣ ፐርሰንቱ ሌላ

ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ፣ መርሳ ሳይደረስ፣ ውርጌሳ ትገኛለች። እዚያም ሆነ በቀረው ሐብሩ፣ ልጇ ለምግብ እጥረት የታከመላት እናት ለሕክምናው የሚሰጠውን የኦቾሎኒ ምግብ፣ ፕላምፒ ነትን፣ በስሙ ታውቀዋለች። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ካሎሪ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መግለጫ፣ እንዲህ ባለው ምግብ ውስጥ ፕሮቲን ከ10 እስከ 12፣ ቅባት ደግሞ ከ45 እስከ 60 ፐርሰንት መሆን አለበት ተብሏል።

የምን 10 ፐርሰንት? ከክብደቱ ብለን ብናሰላ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን እናገኛለን፤ እንዲያ ግን አይደለም። የሚከፋፈለው 500ው ካሎሪ ነው። የዚያ 10 ፐርሰንት 50 ካሎሪ ሲሆን፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ስለሚሰጥ ለ4 ሲካፈል 12 ግራም ተኩል ይሆናል።

ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲንና ቅባት በአንድ ላይ ማክሮኒውትሬንት ይባላሉ። ሰውነት በብዛት የሚፈልጋቸው ስለሆኑ «ዐበይት ንጥረ ምግቦች» እንበላቸው፤ በጥቂቱ የሚበቁት ቫይታሚንና ማዕድናት «ደቂቅ» ይሆናሉ። እያንዳንዱ ዐቢይ ከጠቅላላው ኃይል የሚያዋጣው ፐርሰንት ደግሞ «የካሎሪ ድርሻ» ነው። ማባዣዎቹን ያስለመደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠራው አሜሪካዊ ኬሚስት ዊልበር አትዋተር ነው፦ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ ፕሮቲንም 4፣ ቅባት 9 ካሎሪ።

አንድ የማሽላ እንጀራ በሽሮ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 20 ግራም ፕሮቲንና 20 ግራም ቅባት አለው እንበል፤ ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው። 400፣ 80 እና 180 ተደምሮ 660 ካሎሪ ይመጣል። ድርሻቸው በቅደም ተከተል 61፣ 12 እና 27 ፐርሰንት ነው። ፕሮቲንና ቅባት በግራም እኩል ሆነው ሳለ በድርሻ ቅባቱ ከእጥፍ በላይ በለጠ።

አሁን ባለቤቲቱ ሽሮው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ትጨምር፤ 14 ግራም ያህል ነው። ጠቅላላው 786 ካሎሪ ይደርሳል፣ የቅባት ድርሻ ወደ 39 ያሻቅባል፣ ፕሮቲን ወደ 10 ይወርዳል። ከፕሮቲኑ ግን አንድም ግራም አልተነሣም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጂም አሠልጣኝ «ፕሮቲንህን 30 ፐርሰንት አድርገው» ሲል «ከስንት ካሎሪ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከ1200 ካሎሪ 90 ግራም ነው፣ ከ2400 ደግሞ 180።

የካሎሪ ድርሻ የሚመሰገንበትም ቦታ አለ። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ድርቆሽ ሲሆን ውኃው ይሄዳል፤ በ100 ግራም ያለው ፕሮቲንም በጣም ከፍ ብሎ ይታያል። መለያው ላይ ያለውን ግራም ብቻ ያነበበ ሰው ድርቆሽ ሌላ ምግብ ይመስለዋል። ውኃ ካሎሪ ስለሌለው ድርሻው ግን ያው ነው።

ከምግቡ ጋር ጠላ ከተጠጣ ሂሳቡ ላይ አራተኛ ይገባል። አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ከሦስቱ ዐበይት ውስጥ ግን አይቆጠርም። የሦስቱ ድርሻ ተደምሮ 100 ካልሞላ፣ ስሌቱን ከመጠራጠር በፊት መጠጡን ማየት ነው።