‹ላከ›፦ ከላእክ እስከ ግሩፕ

ኮልፌ አጣና ተራ ቆሜ ነበር። ነጋዴው ወደ ሠራተኛቸው ዞር ብለው «ለቤቴሉ ሰውዬ ላክህለት?» አሉት። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ልኬለታለሁ ጋሼ፤ ቴሌግራም ላይ» አለ። «ፎቶውን አይደለም ያልኩህ፤ አጣናውን!»

የሁለቱም አማርኛ ልክ ነው። ጥፋቱ ካለ ዕቃንም ወሬንም በአንድ ጀርባ የተሸከመው ‹ላከ› ነው።

ቃሉ በግዕዝ ‹ለአከ› ነበር። የመካከሏ አ በአማርኛ አፍ ሟሙታ ‹ላከ› ሆነ። ከመጽሐፍ የወረስናቸው መልእክት፣ ተልእኮና መልአክ ግን እሷን እንደያዙ ቀሩ። ዜና ላይ ‹ልዑክ› ተብሎ በዓይኑ ዐ የሚጻፈውም፣ ሥሩን ከተከተልን ‹ልኡክ› ነው። ያም ሆኖ በንግግር መልአክን ‹መላክ› ስለምንል፣ ጠባቂው መላክና በስልክ መላክ ለጆሮ አንድ ናቸው።

ዘመዶቹ ሩቅ አገር ድረስ አሉ። ዕብራይስጥ ‹መልአኽ›፣ ዐረብኛ ‹መለክ› ይላሉ፤ ሁለቱም መልአክ ናቸው። ከዚሁ ሥር ዕብራይስጥ ‹መላኻ›ን አውጥቷል፤ ትርጉሙ ሥራ ነው። በግዕዝም ‹ላእክ› መልእክተኛም አገልጋይም ነው። ቅዳሴ የሚቀድሱት ካህናትና ዲያቆናት ዛሬም ልኡካን ይባላሉ። በዚህ ዘር መላክና መሥራት አልተለያዩም።

ፈረንጆቹ ግን አጭር መልእክት ማስተላለፊያቸውን ሲሰይሙ የተነሡት ከድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ትዊተር፣ እስከ 2023 የቆየው ስሙ የወፍ ጫጫታ ማለት ነበር። በ2008 ለመሥሪያ ቤቶች ተብሎ የወጣው ያመር ደግሞ በእንግሊዝኛ ማላዘን፣ መነጫነጭ ማለት ነው። ትዊተር በ140 ፊደል የተወሰነው ከ160ው የስልክ አጭር መልእክት ጋር እንዲስማማ ነበር። በፊደላችን ሲጻፍ ግን ያው አጭር መልእክት 70 ብቻ ይይዛል። ትዊተር በ2017 ወደ 280 ሲያሰፋም አንዷን ፊደላችንን ሁለት አድርጎ ስለቆጠራት እኛ እዚያው 140 ላይ ቀረን። ደግነቱ ‹ላክ› ለማለት ሁለት ፊደል ይበቃል።

የኛ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ተላላኪ ነበረው። በቃሉ ውስጥ የተደገመው ‹ላ› ምልልሱን ይናገራል፤ ደጋግሞ ሄዶ ደጋግሞ የሚመለስ ሰው ነው። ደብዳቤውን ይዞ፣ መዝገብ ላይ አስፈርሞ ይመጣል። ፊርማው ከሌለ አልተላከም። ዛሬ በቦታው የቴሌግራም ግሩፕ ገብቷል። ፈጥኗል፤ አንድ ስብሰባ ለመጥራት ሦስት ቢሮ መዞር ቀርቷል። ነገር ግን ግሩፕ ውስጥ ሁለቱ የራይት ምልክቶች የሚታዩት ከአባላቱ አንዱ እንኳ ከከፈተው ነው። አርባ ሰው ባለበት ግሩፕ ማን ሥራውን እንደተቀበለ ምልክቶቹ አይናገሩም። መልእክቱ ደረሰ፤ ላእኩ ጠፋ።

ግዕዝ ለተላከ ሰው ሌላም ስም አለው፦ ሐዋርያ። ሥሩ ‹ሖረ›፣ ሄደ ነው። ግሪኩ ‹የተላከ› ያለውን ግዕዝ ‹ሂያጅ› ብሎ ተረጎመው፤ መላኩ የሚታወቀው በመሄዱ ነውና።

ነጋዴው ይህን ከየት ይስሙት? ግን የልጁን ስልክ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ደጅ ወደቆመው አይሱዙ በእጃቸው እያመለከቱ፣ «ተነስ፤ አብረህ ሂድ» አሉት።