የአንድ ጭልፋ ውሃ ታሪክ

የሰው ልጅ በከተማ ተሰብስቦ መኖር ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ሁለት ጥያቄዎች ከደጁ ተለይተው አያውቁም። አንደኛው፣ ንጹሕ ውሃ ወደ ቤት እንዴት ይግባ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ያደፈው ውሃ ከቤት እንዴት ይውጣ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግድብ የሚገደብለትና በክብር የሚመረቅለት ጉዳይ በመሆኑ ታሪኩ በሰፊው ተጽፏል። ሁለተኛው ግን ከወለል በታችና ከግድግዳ ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ፣ የሚታወሰው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የቤት ውስጥ የቧንቧና የፍሳሽ ሥራ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ይኸውም ከባድ ጉዳት የደረሰው መፍትሔው ሳይታወቅ በቀረበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ መፍትሔው ታውቆና ተሠርቶ ሳለ የሚጠብቀው ሰው በታጣበት ጊዜም መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የሰዓት ሠሪው ጠማማ ቱቦ

በእንግሊዝ አገር ሰር ጆን ሃሪንግተን በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ ሠርቶ፣ አሠራሩን በ1596 በመጽሐፍ ገልጾ ነበር። ሆኖም መሣሪያው ቆሻሻውን ወደ ታች ቢወስድም፣ ከታች ወደ ላይ የሚመለሰውን ክፉ ሽታ የሚገታበት አስተማማኝ ዘዴ አልነበረውም። ለዚህ ችግር መልስ የሰጠው መሐንዲስ ወይም ሐኪም ሳይሆን፣ በለንደን ከተማ ይሠራ የነበረ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሰዓት ሠሪ ነው። ከሚንግ በ1775 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት፣ ከመጸዳጃው ሥር የሚወጣው ቱቦ ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ፣ ይልቁንም እንደ እባብ ተጠማዝዞ እንዲያልፍ አደረገ። ከዚህም የተነሣ መጸዳጃው በታጠበ ቁጥር ጥቂት ውሃ በጥምዝምዙ ውስጥ ይቀራል፤ ያም ውሃ በቤቱና በቆሻሻ መውረጃው መካከል እንደ መዝጊያ ሆኖ ያገለግላል።

በኢትዮጵያ የቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት፣ ዛሬ በየላቫንዲኖው፣ በየመታጠቢያውና በየወለል ውሃ መውረጃው ሥር የሚገኘው ጠማማ ቱቦ የዚሁ ሐሳብ ውጤት ነው። በዘመናዊ የሕንፃ ደንቦች ዘንድ የተለመደው ዝቅተኛ የውሃው መዝጊያ ጥልቀት 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በትንሽ ላቫንዲኖ ሲፎን ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ ቢለካ ከአንድ ጭልፋ ብዙም አያልፍም። የአንድ ሙሉ ሕንፃ ነዋሪዎች ጤና ከሚጠበቅባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ጥቂት ውሃ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን የሰሜኑ ብርድ የራሱን ጥያቄ አቀረበ። የከሚንግን መጸዳጃ በለንደን ቤቶች ይተክል የነበረው አናጢው ጆሴፍ ብራማ፣ በክረምት ወራት መሣሪያው እየቀዘቀዘ እንደሚያስቸግር ተመለከተ። በመሆኑም ተንሸራታቹን መዝጊያ በማጠፊያ ላይ በሚንቀሳቀስ ክዳን ለውጦ በ1778 የራሱን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እንግዲህ ጠማማው ቱቦ ከተፈለሰፈ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ዕቃውን ከሚሠራው ሰው ይልቅ ችግሩን አብጠርጥሮ ያወቀው ዕቃውን እየተከለ የሚጠግነው ሰው ነበር።

የለንደን ትምህርት

የመጸዳጃው መስፋፋት ለቤቶች ምቾት ሲሰጥ ለከተማይቱ ግን መከራ አመጣ። ቀድሞ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀም የነበረው ቆሻሻ፣ ከ1815 ጀምሮ ለዝናብ ውሃ ተብለው ከተሠሩት ቦዮች ጋር እንዲገናኝ ተፈቀደ፤ ቦዮቹም ወደ ቴምዝ ወንዝ ይፈስሱ ነበር። ከወንዙም ብዙው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ይቀዳ ነበር። በተደጋጋሚ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1858 በጋ የወንዙ ግማት የምክር ቤቱን አባላት ከአዳራሻቸው ሊያስወጣ ደረሰ። በዚህ ጊዜ የመሐንዲሱ የጆሴፍ ባዛልጄት ዕቅድ ገንዘብ ተመደበለት። 132 ኪሎ ሜትር የሚያህል ዋና የፍሳሽ መስመር ተዘርግቶም የከተማይቱ ቆሻሻ ከለንደን በስተምሥራቅ ርቆ እንዲወጣ ተደረገ።

ዋናው መስመር ቢሠራም በየቤቱ ውስጥ ያለው ቱቦ የባለቤቱ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በ1871 መጸው የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ፣ በስካርብሮ ከተማ አጠገብ በአንድ መኳንንት ቤት በእንግድነት ከሰነበተ በኋላ በታይፎይድ ታምሞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ከእርሱ ጋር በዚያው ቤት የነበሩት የቼስተርፊልድ ኧርልና አንድ የፈረስ ባልደራስ ግን ሞቱ። ጥርጣሬው በቤቱ የፍሳሽ ቱቦዎች ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ባለጸጋውም ሆነ ድሃው የቤቱን ወለል አስነሥቶ ማስመርመር ጀመረ። የሊድሱ ቀዶ ሐኪም ፕሪጅን ቲል በ1870ዎቹ መጨረሻ ባሳተመው ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ ውሃ አልባ የሆነ ሲፎን፣ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ቱቦና ወደ ኋላ ያዘነበለ መውረጃ በየቤቱ ምን እንደሚያደርስ ለተራው ሰው በሚገባ መንገድ አሳየ።

በዚያ ዘመን ብዙዎች ታይፎይድ ከቆሻሻ መውረጃ በሚወጣ ክፉ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ትክክል አልነበረም፤ በሽታው የሚተላለፈው በዋናነት በተበከለ ውሃና ምግብ እንደሆነ በኋላ ተረጋግጧል። ነገር ግን የተሳሳተው እምነት አንድ ጠቃሚ ፍሬ አፍርቷል። የሲፎኑን ውሃ የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ሲመረመር፣ በረጅም ቱቦ ውስጥ በኀይል የሚወርድ ውሃ ከኋላው አየር እየሳበ በየፎቁ ያለውን የሲፎን ውሃ ይዞ ሊወርድ እንደሚችል ታወቀ። ለዚህም መድኀኒቱ የፍሳሹን ዋና ቱቦ እስከ ጣራ በላይ አስቀጥሎ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ሆነ። ዛሬ በየሕንፃው ጣራ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚታየው ቱቦ ለጌጥ አይደለም፤ በወፍ ጎጆ ወይም በግንበኛ ቸልተኝነት ቢደፈን፣ ከታች ባለው ላቫንዲኖ የሚሰማው የጉርግር ድምፅ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው።

ውርጭና የተዘጋ ውሃ

በቀዝቃዛ አገሮች ሁለተኛው ባላጋራ ውርጭ ነው። አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ውሃ ግን ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ቱቦ የሚፈነዳው በረዶው ከውስጥ ገፍቶት ይመስለዋል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራ እንዳሳየው ግን ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በረዶው ባለበት ቦታ አይደለም። በረዶው እንደ ቡሽ ሆኖ እየገፋ ሲያድግ፣ በእርሱና በተዘጋው ቧንቧ መካከል የታሰረው ውሃ ግፊቱ እጅግ ይጨምራል፤ ቱቦውም ከሁሉ በደከመበት ቦታ ይተረተራል። ስለዚህ በብርድ ሌሊት ቧንቧን በጥቂቱ እያንጠባጠቡ መተው የቆየ የባልትና ምክር ቢመስልም፣ ለታሰረው ውሃ መተንፈሻ የሚሰጥ በቂ ምክንያት ያለው ዘዴ ነው። ሙከራው እንዳመለከተው በሙቀት መከላከያ ባልተሸፈነ ቱቦ ላይ አደጋው የሚበረታው የውጭው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው።

በእንግሊዝ የቤቶች የፍሳሽ ቱቦ ለረጅም ዘመን በውጭው ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። የ1962 እና 1963 ክረምት በዚያች አገር ከ1740 ወዲህ ከታዩት ሁሉ የከፋ ብርድ ሲያወርድ፣ በውጭ የተሰቀሉ ቱቦዎች በረዶ እየሞላቸው ነዋሪውን አስጨነቁ። በ1965 የወጣው የሕንፃ ደንብም የቆሻሻ ቱቦዎች ከሕንፃው ውስጥ እንዲያልፉ አዘዘ። ደንቡ ኋላ ለአነስተኛ ቤቶች ቢላላም፣ ትምህርቱ ግን በቀዝቃዛ አገሮች ሁሉ ጸንቶ ቆይቷል።

ትምህርቱ ያልደረሰባቸው ስፍራዎች ዋጋውን ከፍለዋል። በየካቲት 2021 በቴክሳስ ክፍለ ሀገር ያልተለመደ ብርድ ሲወርድ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። የብዙዎቹ ቤቶች አሠራር ሙቀትን ለመከላከል የታሰበ በመሆኑ፣ የውሃ ቱቦዎች በጣራ ሥርና በውጭ ግድግዳ በኩል ያልፉ ነበር። ማሞቂያው ሲቆም ቱቦዎቹ እየፈነዱ ጣራውን አልፈው ክፍሎችን አጥለቀለቁ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጉዳቱን መጠን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው፣ ቤተሰቡ የቤቱ ዋና የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ማወቁ ነው። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በካናዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህንን ትምህርት በየዓመቱ ይፈተኑበታል። የደጁን ቧንቧ ውሃ ከክረምት በፊት ማፍሰስ፣ ለጉዞ ሲወጡም ዋናውን ዘግተው ቱቦውን ባዶ ማድረግ የዚያ አገር የቤት አያያዝ አንድ ክፍል ነው።

የደረቀው ሲፎን

ውርጭ የሚጎዳው ውሃ ሊኖር በማይገባው ቦታ በመቀመጡ ነው። በ2003 በሆንግ ኮንግ የደረሰው መከራ ግን ውሃ ሊኖር በሚገባው ቦታ ከመታጣቱ የመነጨ ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በአሞይ ጋርደንስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ ገብቶ ከ300 በላይ ነዋሪዎችን ያዘ፤ 42 ሰዎችም ሞቱ። በበሽታው ተይዞ የነበረ አንድ እንግዳ በአንዱ ሕንፃ መጸዳጃ ከተጠቀመ በኋላ ሕመሙ በቁመቱ ፎቅ ለፎቅ ተዛመተ።

የጤና ባለሥልጣናቱ ምርመራ እንዳመለከተው፣ የመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል የውሃ መውረጃና ሲፎን በደንቡ ተሠርቶለት ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ወለሉን በውሃ ከማጠብ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልን ስለለመዱ፣ ወደ ወለሉ ሲፎን የሚወርድ ውሃ አልነበረም፤ በውስጡ የነበረውም ቀስ በቀስ ተንኖ አለቀ። የመታጠቢያ ቤቱ አየር መሳቢያ ሲበራም ከቆሻሻ ቱቦው የተበከለ ጤዛ እየሳበ ወደ ቤት አስገባ። ከዚያ ወዲህ የከተማይቱ ጤና መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በየመውረጃው እንዲጨመር ሕዝቡን ሲመክር ቆይቷል። ከሚንግ በ1775 ያገኘው መፍትሔ ከ228 ዓመት በኋላ የከሸፈው፣ ያንን ያህል ውሃ የሚጨምር ሰው በመታጣቱ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ

በአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ታሪክ የሚጀምረው፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቱቦ ባስገባበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የገፈርሳና በ1970 ሥራ የጀመረው የለገዳዲ ግድቦች ለብዙው ሕዝብ ውሃ አዳረሱ። ውሃ ወደ ቤት ማስገባቱ ይህን ያህል ሲራመድ፣ ያደፈውን ማስወጣቱ ግን ከኋላ ቀርቶ ብዙው ቤት በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ሲጠቀም ኖሯል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በዚህች ከተማ፣ ወይም ከዚያ በላይ በሚበርደው በደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ሊወርድ ይችላል። ሆኖም ፀሐይ እንደወጣች ስለሚሟሟ የቱቦ መፈንዳት እንደ ሰሜን አገሮች ዋና ችግር አይደለም። የኢትዮጵያ ደጋ ቤት ሁለት ሌሎች ፈተናዎች አሉበት። አንደኛው የክረምት ዝናብ ነው። የጣራ አሸንዳ ከቆሻሻ መውረጃው ጋር ሲገናኝ፣ በሐምሌ ዶፍ ቱቦው ከአቅሙ በላይ ሞልቶ ቆሻሻው ከዝቅተኛው ወለል ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱን ለያይቶ መሥራት፣ አሸንዳውንና የመቆጣጠሪያ ጉድጓዱንም ከሰኔ በፊት መጥረግ ይገባል። ሁለተኛው የውሃ መቋረጥ ነው። ውሃ ለቀናት በማይመጣበት ሠፈር፣ ሮቶ የሌለው ቤት ሲፎኑ ይደርቃል፤ ዘወትር የማይረገጥ የእንግዳ መታጠቢያ ቤትም እንዲሁ ነው። ክፉ ሽታ ሲመጣ ብዙዎች መድኀኒት ገዝተው ይረጫሉ እንጂ፣ የጎደለው አንድ ጭልፋ ውሃ መሆኑን አይጠረጥሩም። በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ፣ ቤቱ ለረጅም ጊዜ የሚዘጋ ከሆነም ትነቱን የሚያዘገይ ጥቂት የምግብ ዘይት በላዩ መጨመር ይበቃል። የወጥ ቤት ቅባት ወደ ላቫንዲኖ አለመድፋት፣ ቀስ እያለ የሚወርድን ውሃም ጨርሶ እስኪዘጋ አለመጠበቅ የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ብሂል ለቧንቧ ሥራም እንዲሁ ይሠራል።

ይህ ታሪክ ለሙያው ባለቤቶች የሚያመለክተው ኀላፊነት ግልጽ ነው። የሆንግ ኮንጉ ወለል ንድፉ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ነገር ንድፉ በነዋሪው ላይ የጣለውን ግዴታ ለነዋሪው የነገረው ሰው ነው። አንድ ቤት ወይም አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሲጠናቀቅ ቁልፍና የርክክብ ወረቀት ይሰጣል። ከእነርሱ ጋር ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ፣ የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶቹ በየት እንደሚገኙ፣ የትኛው መውረጃ በየስንት ጊዜው ውሃ እንደሚፈልግ በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ቢሰጥ፣ ለሕንፃው ወጪ የሚጨምረው ነገር የለም። ያ ገጽ እስካልተሰጠ ድረስ ግን የሕንፃው ሥራ ተጠናቋል ለማለት ያዳግታል።