ሁሉንም አንብበው የሚነግሩን

ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ደራሲ አይደለም፤ ስለ አንባቢ ነው። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በየወሩ የሚታተመውን አጭር ሳይንሳዊና ምናባዊ ልብወለድ አንብበው «ይህችን እንዳታልፏት፣ ያችኛዋ ግን አልሰመረችም» ብለው ስለሚጽፉልን ሰዎች ነው። አገሩ በአብዛኛው አሜሪካ ነው፤ ወደ መጨረሻው ወደ አህጉራችን እንሻገራለን። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአድራሻ ነው። በ1926 ሁጎ ጌርንስባክ የሚባል ከሉክሰምበርግ የተሰደደ ሰው ኒውዮርክ ላይ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ መጽሔት አቋቋመ። ሳይንሳዊ ልብወለድ ብቻ ይዞ ብቅ ያለ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው። ጌርንስባክ ከአንባቢ የሚደርሰውን ደብዳቤ ሲያትም የላኪውንም አድራሻ አብሮ ያትም ነበር። ይኼኔ አንባቢው አዘጋጁን ወደ ጎን ትቶ እርስ በርሱ መጻጻፍ ያዘ። በ1930 ቺካጎ ውስጥ አንድ የአንባቢያን ክበብ «ዘ ኮሜት» የምትባል የራሱን መጽሔት አባዝቶ አሰራጨ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዘርፍ አንባቢ ገዝቶ ዝም የሚል ደንበኛ ሆኖ አያውቅም፤ ይጽፋል፣ ይከራከራል፣ ይሸልማል። በ1953 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው የዓለም ሳይንሳዊ ልብወለድ ጉባኤ ሁጎ እየተባለ የሚጠራው ሽልማት ሲጀመርም አሸናፊውን የመረጠው ኮሚቴ አልነበረም። የአባልነት ክፍያውን የከፈለ አንባቢ ሁሉ ድምጽ ሰጠ፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ድምጽ የሚሰጥ ሰው አንብቦ መስጠት አለበት። መጽሐፍ ሲሆን መንገዱ ቀላል ነው፤ ጋዜጣ ይተቸዋል፣ መደብር ውስጥ ይሰነብታል፣ ወዳጅ ለወዳጁ ያውሰዋል። የአጭር ልብወለድ ዕድሜ ግን የመጽሔቱ ዕድሜ ነው። የሚቀጥለው ወር እትም ሲመጣ ያለፈው ይነሳል፤ በውስጡ የነበረችው ድንቅ ታሪክም አብራው ትሄዳለች። ጋዜጣ ስለ አንዲት አጭር ልብወለድ ሂስ አይጽፍም፤ ቦታ የለውማ።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው ዴቭ ትሩስዴል በ1993 «ታንጀንት»ን የጀመረው። ሥራው አጫጭር ሳይንሳዊና ምናባዊ ልብወለዶችን መሄስ ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ በወረቀት፣ በኋላ በኢንተርኔት። በሌላ ወገን ጋርድነር ዶዝዋ ነበር፤ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የዓመቱን ምርጥ ሳይንሳዊ ልብወለዶች በአንድ ወፍራም ጥራዝ ይሰበስብ ነበር። ከጥራዙ መጨረሻ ላይ ቦታ ያልበቃቸውን መልካም ታሪኮች በስም እየጠራ ረጅም ዝርዝር ያኖራል። እኔ ያንን ዝርዝር ከታሪኮቹ እኩል እወደዋለሁ። «አንብቤሃለሁ፣ አላለፍኩህም» የሚል የምስክር ቃል ነው። 35 ጥራዝ አውጥቶ በ2018 ዐረፈ። ዶዝዋ ግን አሳታሚ ነበረው፤ የምተርክላችሁ ሰዎች የላቸውም።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። የሁጎ ሽልማት አጭር ሥራን በርዝመት ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ ከ7,500 ቃል በታች፣ ከዚያ እስከ 17,500፣ ከዚያ ደግሞ እስከ 40,000። አንድ አባል በየዘርፉ እስከ አምስት ሥራ ይጠቁማል። የመጀመሪያው ዘርፍ ላይ ሲደረስ አንባቢው ይበተናል፤ አንዱ ያነበበውን ሌላው አላየውም፣ የጥቆማው ድምጽ ለብዙ ታሪኮች ተበጣጥሶ ይደርሳል። ቀደም ሲል ከጠቋሚዎቹ የ5 በመቶውን ድጋፍ ያላገኘ ሥራ እጩ አይሆንም የሚል ደንብ ነበር። በ2013 ያንን ያለፉት አጫጭር ልብወለዶች ሦስት ብቻ ሆኑ። በ2014 አራት። አምስቱን ቦታ የሚሞላ ታጣ። ጥሩ ታሪክ ጠፍቶ አልነበረም፤ በቂ ሰው በጋራ ያነበበው ታሪክ ጠፍቶ ነው።

ታዲያ በ2015 የሽልማቱን አካሄድ የሚቃወሙ ቡድኖች የእጩዎች ስም ዝርዝር አዘጋጅተው ደጋፊዎቻቸው ያንኑ እንዲጠቁሙ አደረጉ። ከጠቋሚው ሁሉ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ነበሩ። ሌላው ግን ሲበተን እነሱ አንድ ቦታ ላይ አረፉ፤ በአጭር ልብወለድ ዘርፍ አምስቱንም እጩነት ጠቅልለው ወሰዱ። ነሐሴ ላይ በዋሽንግተን ግዛት፣ በስፖካን ከተማ ውጤቱ ሲነገር 5,950 ሰው ድምጽ ሰጥቶ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ነው። በአምስት ዘርፎች «ለማንም አይሰጥ» የሚለው ምርጫ አሸነፈ። አጭር ልብወለድ አንዱ ነበር፤ ረጅሙ የአጭር ሥራ ዘርፍም እንዲሁ። መካከለኛው ላይ ብቻ አንዲት ታሪክ አመለጠች። ከዝርዝሩ አንዱ እጩ ደንቡን ሳያሟላ ቀርቶ ሲሰረዝ በምትኩ የሆላንዳዊው የቶማስ ኦልደ ሄውቬልት ሥራ ገባች፣ አሸነፈችም።

ስለዚያ ዓመት የሚያወራ ሁሉ የሚያወራው ስለ ጠቡ ነው። እኔ ዓይኔን የምጥለው ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ላይ ነው፤ በሦስቱና በአራቱ እጩዎች ላይ። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተው ያኔ ነው። ጉባኤው በኋላ የጥቆማ አቆጣጠሩን አሻሽሎ ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለው፤ መልካም አደረገ። ቀመር ግን ታሪክ አያነብም።

የሚያነቡት መጡ። በዚያው በ2015 ሁለት ሰዎች «ሮኬት ስታክ ራንክ» የሚባል ድረ ገጽ ከፈቱ። አንደኛው በዋናነት ያነብ፣ ይጽፍ ነበር፤ ሁለተኛው ሰንጠረዡን ያደራጅ ነበር። «አናሎግ»፣ «አሲሞቭስ»፣ «ክላርክስወርልድ»፣ «ስትሬንጅ ሆራይዘንስ»፣ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ መጽሔት። ከየመጽሔቱ መርጠው አልነበረም የሚያነቡት፤ የታተመውን በሙሉ ነበር። ለእያንዳንዷ ታሪክ የታሪኩን ምስጢር የማያወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የቃል ብዛት፣ ለንባብ የሚወስደው ደቂቃ፤ ከዚያ መጨረሻውን ማወቅ ለማይፈራ ሰው ጥንካሬውና ድክመቱ ለየብቻ። በላዩ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ። አምስት ለሽልማት የምትበቃ፣ ሦስት መካከለኛ። ከጎኑ ሌሎች ሃያስያን ስለዚያችው ታሪክ ምን እንዳሉ ይሰፍር ነበር። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ሥራ ነበር፤ የተበተነውን አንባቢ አንድ ገጽ ላይ ይሰበስበው ነበር። በ2017፣ በ2018 እና በ2019 ሥራቸው ራሱ ለሁጎ ታጨ። በ2019 አብሯቸው የታጨው «ኩዊክ ሲፕ ሪቪውስ» የሚባለው የሂስ ድረ ገጽ የአንድ ሰው የብቻ ጥረት ነበር።

የእንዲህ ያለ ሃያሲ ኑሮ ምን ይመስላል ትሉኝ ይሆናል። ሰውየው ቀን እንጀራውን ሲያሳድድ ይውላል፤ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ያነባል። ሁለት ወር ወደ ኋላ ከቀረ ሂሱ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የጥቆማ ጊዜው ቀን አለው። የድረ ገጹን ኪራይ ከኪሱ ይከፍላል። ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሦስት ኮከቡ ነው። ግሩም ታሪክ ሂሱን ራሷ ታጽፋለች፤ የከሸፈችውም እንዲሁ። ብዙዎቹ ግን ጥሩ ተጽፈው፣ ጥፋት ሳይኖርባቸው፣ በማግስቱ የሚረሱ ናቸው። ስለ እነሱ በየቀኑ አዲስና እውነተኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው ሰውን የሚያደክመው። ቢሆንም እነሱን ያላነበበ ሰው አምስት ኮከብ ሲሰጥ ምን ያህል ላምነው እችላለሁ? ገለባውን ያላየ እጅ ፍሬውን አይለይም።

የከሸፈችዋን በተመለከተ ክርክር አለ። አንዳንዱ ደካማውን ዝም ብሎ ማለፍ ነው የሚሻለው ይላል፤ ደራሲው ጀማሪ ሊሆን ይችላል፣ ታሪኳ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፣ ሂሱን ማታ ብቻውን ተቀምጦ ያነበዋል። ይገባኛል። እኔ ግን ከሚናገሩት ጋር ነኝ፤ በአንድ ግዴታ። «አሰልቺ ናት» ሂስ አይደለም። «ሦስተኛው ትዕይንት ቢወጣ ምንም አይጎድልም፣ ምክንያቱም ልጅቷ የምትወስነውን በሁለተኛው ጨርሳዋለች» ሂስ ነው። ከዚህኛው ደራሲው የሚወስደው ነገር አለ። ሃያሲው ከደራሲው ጋር ወዳጅነት ካለውም ከላይ ይናገር፤ ዘርፉ ጠባብ መንደር ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ሃያሲው ከማያውቀው ሕይወት የተጻፈ ታሪክ ሲገጥመውም ኮከቡን ከመስጠቱ በፊት ቆም ይበል። ግራ የገባው ታሪኩ ስለተበላሸ ነው ወይስ እሱ የዚያ ቤት እንግዳ ስለሆነ? ብዙ ጥሩ ሥራ ይህች ጥያቄ ባለመጠየቋ ወድቋል።

በ2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጎርፍ መጣ። በየካቲት ወር ወደ «ክላርክስወርልድ» የተላኩ በማሽን የተጻፉ ታሪኮች ከ500 በላይ ሆነው መጽሔቱ በሩን ለጊዜው ዘጋ። ያንን ሁሉ መለየት የወደቀው በአንባቢ ዓይን ላይ ነው። ከአዘጋጆቹ ወንፊት ያለፈውን ደግሞ ተቀብለው የሚያነቡት እነዚሁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አሁን ወደ አህጉራችን። በ2014 «ኦሜናና» የተባለው የአፍሪካ ምናባዊ ልብወለድ መጽሔት ተመሠረተ። በ2016 የአፍሪካ ምናባዊ ልብወለድ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2017 የኖሞ ሽልማቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠ። የአጭር ልብወለዱን ያሸነፈችው ናይጄሪያዊቷ ሌስሊ ንኔካ አሪማ ናት፤ ሴቶች ልጆቻቸውን ከክር፣ ከጸጉር፣ ካገኙት ነገር እየሠሩ ነፍስ ስለሚዘሩባቸው ዓለም በጻፈችው ታሪክ። ያቺ ታሪክ የወጣችው በ2015 «ዘ ኒው ዮርከር» ላይ ነው። እነዚያን አሥራ አንድ መጽሔቶች አንድም ሳያስቀር ያነበበ ሰው አያገኛትም ነበር። ለዚህ ነው ናይጄሪያዊው መሐንዲስና ደራሲ ዎሌ ታላቢ የሠራውን ሥራ ከኮከብ ሁሉ የማስበልጠው። አፍሪካውያን የጻፉትን የታተመ ምናባዊ ልብወለድ፣ የትም ይውጣ የት፣ እየለቀመ መዘገበ፤ ማኅበሩም ዝርዝሩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ አስቀመጠው።

ከመካከላችሁ በአማርኛ በየመጽሔቱና በየስብስቡ የወጡትን ምናባዊ አጫጭር ልብወለዶች እንዲህ የሚለቅም ሰው እፈልጋለሁ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ የወጣበት፣ ዓመት። ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ሌላ አልጠይቅም፤ ኮከቡ በኋላ ይደርሳል።